በእርሻ ሥራ ላይ ሰው ሲጎዳ ምን ይደረግ?

ኅዳርና ታኅሣሥ በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን የአጨዳና የውቂያ ወራት ናቸው። ገበሬው ከነቤተሰቡ ማጭዱን ይዞ ማሳ ላይ ይውላል፤ ሌሊቱን ደግሞ አውድማ ሲጠብቅ ያድራል። በዚህ ወቅት በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ በር ላይ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው፣ ጣቱን በማጭድ የቆረጠ፣ እብቅ ዓይኑ ውስጥ የገባበት፣ በሬ የወጋው፣ ወይም እጁን መውቂያ ማሽን የያዘው ሰው በቃሬዛ ሲመጣ ማየቱ አይቀርም። እኛ በምርምር ጣቢያ የምንሠራ ሰዎች ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ አረምና ስለ ተባይ ብዙ ጽፈናል። ዘሩን ስለሚበትነውና ነዶውን ስለሚሰበስበው እጅ ግን የጻፍነው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ያን ጉድለት በመጠኑ እንዲያሟላ የተዘጋጀ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሠርቶ ማሳያ ሥራ በሄድንበት አንድ የስንዴ አምራች ወረዳ ያየነውን እናስቀድም። አንድ የ20 ዓመት ገደማ ወጣት በቀን ሙያተኛነት ተቀጥሮ ለመውቂያ ማሽን ነዶ ያቀብል ነበር። ጭድ አፉን ሲደፍነው ወጣቱ ሞተሩ ሳይጠፋ በእጁ ሊገፋው ሞከረ፤ በወገቡ ያሸረጠው ነጠላ ጫፍ ቀድሞ ገባ፣ እጁም ተከተለው። ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ፤ መዳፉ ተሰነጠቀ። አውድማው በጩኸት ተሞላ። አንዱ የተፈጨ ቡና አምጥቶ ቁስሉ ላይ ነሰነሰ፤ ሌላው ከብብቱ በታች በጭነት ገመድ ጥፍር አድርጎ አሰረው፤ ሦስተኛው «አንተ ልጅ፣ ቅመስና በርታ» እያለ አረቄ አስጎነጨው። የተቆረጡትን ጣቶች ማንም አላሰባቸውም። ከአንድ ሰዓት በኋላ የጭነት መኪና ተገኝቶ ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደ። ባለ ማሽኑ በማግሥቱ ጥቂት መቶ ብር ይዞ ጠየቀውና «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ ተመለሰ።

ይህ ሁሉ የተደረገው በክፋት አይደለም። ሁሉም ሊረዳ ፈልጎ ነው የሮጠው። ነገር ግን ከተደረገው ውስጥ የሚበዛው ባይደረግ ይሻል ነበር፤ መደረግ ከነበረበት ውስጥም የሚበዛው ሳይደረግ ቀርቷል።

መጀመሪያ ሞተሩ ይጥፋ

ማሽን ሰው ሲይዝ የመጀመሪያው ሥራ የተያዘውን መሳብ ሳይሆን ሞተሩን ማጥፋት ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ በድንጋጤ መካከል ግን ሰው ሁሉ ወደ ተጎጂው ይሮጣል እንጂ ወደ ሞተሩ የሚሄድ አይገኝም። ስለዚህ ውቂያ ከመጀመሩ በፊት በማሽኑ ዙሪያ የሚሠራው ሰው ሁሉ፣ ነዶ አቀባዩም ጭድ ሰብሳቢውም፣ ሞተሩ በምን እንደሚጠፋ በዓይኑ አይቶ በእጁ ሞክሮ ማወቅ ይኖርበታል። መውቂያው በትራክተር ጉልበት የሚዞር ከሆነ የሚጠፋው ትራክተሩ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ከበሮው ለጥቂት ጊዜ በራሱ ይዞራልና ፈጽሞ እስኪቆም ማንም እጁን አይስደድ።

የተያዘውን እጅ በኃይል ወደ ኋላ መጎተት የተረፈውን ጅማት ይበጥሳል። ቀበቶውን አውልቆ ከበሮውን በቀስታ በተቃራኒው ለማዞር የሚሞክረው ማሽኑን አጥብቆ የሚያውቅ ሰው ብቻ ሊሆን ይገባል። እሱ ከሌለ ተጎጂውን ደግፎ፣ እያረጋጉ፣ ባለ ሙያ መጠበቅ ይሻላል። ልብሱ ብቻ ከሆነ የተያዘው ልብሱ ይቀደድ፤ ጋቢ ይተካል።

ደሙን ለማቆም ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ የሰው መዳፍ ነው። ንጹሕ ጨርቅ፣ ለምሳሌ የታጠበ ነጠላ፣ አጥፎ ቁስሉ ላይ አድርጎ አጥብቆ መጫን፤ እጁ ወይም እግሩ ካልተሰበረ ከልቡ ከፍ እንዲል ማድረግ፤ ከዚያም ሳያነሡ ቢያንስ 10 ደቂቃ መያዝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ቆመ ይሆን?» እያለ በየደቂቃው ጨርቁን ገልጦ ያያል፤ ሊረጋ የጀመረው ደም እንደገና ይከፈታል። ጨርቁ በደም ከራሰ በላዩ ላይ ሌላ ይጨመራል እንጂ የፊተኛው አይነሣም። ቁስሉ ውስጥ የተሰካ ነገር ካለ፣ የእንጨት ስንጥርም ይሁን የመንሽ ጣት፣ አይነቀልም፤ ግራና ቀኙ በጨርቅ ተደግፎ እንዳለ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ደሙን እንደ ቡሽ ይዞት ሊሆን ይችላልና።

የጭነት ገመዱን በተመለከተ፣ ማሰር ፈጽሞ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። እጅ ወይም እግር ተቆርጦ ደሙ በመጫን አልቆም ካለ፣ እየፈሰሰ ሰውየው ከሚሞት ማሰር ግድ ይሆናል። ማሰሪያው ግን ቀጭን ገመድ ወይም ሽቦ መሆን የለበትም፤ ሥጋውን ይቆርጣል። ሦስት ጣት ያህል፣ ማለትም 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጨርቅ ከቁስሉ በላይ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በመገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ይጠመጠማል፤ በቋጠሮው መካከል ዱላ ገብቶ ደሙ እስኪቆም ይጠመዘዛል። የታሰረበት ሰዓት በእስክሪብቶ በተጎጂው ግንባር ወይም ክንድ ላይ ይጻፍ። ሐኪም ሳያይ «ደም ይዘዋወርለት» ተብሎ መላላት የለበትም።

የተቆረጠ ጣት ቢኖር አይጣል። በንጹሕና በመጠኑ በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ ተቋጥሮ፣ ላስቲኩ በቀዝቃዛ ውሃ ወይም በረዶ ባለበት ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ ከተጎጂው ጋር ይሂድ። ጣቱ ራሱ በረዶውን ወይም ውሃውን መንካት የለበትም። በአገራችን ጣት መልሶ የሚቀጥል ሐኪም የሚገኘው በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ በመሆኑ ሁልጊዜ ተስፋ አለ ብለን አንናገርም። ይቀጠላል አይቀጠልም የሚለውን ግን ሐኪሙ ይወስን፤ አውድማ ላይ አይወሰን።

ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ፊቱ ይገረጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ይበርደዋል። አስተኝቶ እግሩን ከፍ አድርጎ ጋቢ ማልበስ ነው። አረቄም፣ ጠላም፣ ምግብም አይሰጠው። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገው ሆዱ ባዶ መሆን አለበት፤ መጠጥ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ቡና ለመጠጥ እንጂ ለቁስል አይደለም

በገጠራችን ቁስል ላይ የማይደረግ ነገር የለም። የተፈጨ ቡና፣ አመድ፣ ጨው፣ እበት፣ የሸረሪት ድር፣ ናፍጣ። አያቶቻችን ያደረጉት ስለሆነ አንስቅበትም፤ ነገር ግን መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ጀርም መኖሪያው አፈርና የከብት እበት ነው። አየር በማያገኝ ጠባብና ጥልቅ ቁስል ውስጥ ሲገባ ይራባል። ለዚህ ነው በማረሻ ወይም በሚስማር የተወጋ ትንሽ ቀዳዳ አፉን ከከፈተ ሰፊ ቁስል ይልቅ አንዳንዴ የሚያስፈራው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ውስጥ ይታያል፦ አፍ መክፈት ያቅታል፣ አንገትና ጀርባ ይገተራል፣ ትንሽ ድምፅ ወይም ብርሃን ሰውነትን ያንዘፈዝፋል። ያን ጊዜ ቁስሉ ድኖ ተረስቶ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡም ሌላ በሽታ ይመስለዋል።

ቀላል የማጭድ ቁስል በተፈላና በቀዘቀዘ ውሃ፣ በሳሙናም፣ ደኅና አድርጎ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል። አፉ የተከፈተ፣ ጥልቀት ያለው ወይም አፈርና እበት የገባበት ቁስል ግን በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ሐኪሙን «የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት አያስፈልገኝም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። እናቶች በእርግዝና ጊዜ ይከተባሉ፣ ሕፃናትም ይከተባሉ፤ ከአፈርና ከእበት ጋር ሲታገል የሚውለው ጎልማሳ ወንድ ግን ብዙ ጊዜ ከልጅነቱ ወዲህ፣ ወይም ከነጭራሹ፣ ያልተከተበ ነው። ደርቆ የቆመ ሰው መርፌ መወጋት ምን ይሠራለታል የሚል ካለ ነገሩ ይህ ነው።

መድኃኒት ተብሎ የተጠራው መርዝ

ተባይ ማጥፊያውን ሁሉ «መድኃኒት» ብለን በመጥራታችን ብዙ ሰው ሳንጎዳ አልቀረንም። ጥፋቱ የእኛም የባለሙያዎቹ ነው። መድኃኒት የሚባል ነገር ሰው አይፈራም፤ በባዶ እጁ ይበጠብጠዋል፣ ነፋስ ፊት ለፊት እየነፈሰበት ይረጫል፣ የጀርባ መርጫው እያንጠባጠበ ወገቡን ሲያርሰው ዝም ይላል። ማላታዮን፣ ዳያዚኖን፣ ክሎርፓይሪፎስና የመሳሰሉት በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባሉ። መዋጥ አያስፈልግም።

ሲረጭ የዋለ ሰው ራሱን ካመመው፣ ምራቁና ላቡ ያለ መጠን ከፈሰሰ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ከጠበበ፣ ካስመለሰው፣ ሆዱን ከቆረጠው፣ ሥጋው ከተንቀጠቀጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው «ፀሐይ መታው» ብሎ ጥላ ሥር ማስተኛት አይበቃም። መጀመሪያ ከተረጨው ማሳ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ይውጣ። ልብሱ ሁሉ፣ ጫማውም፣ ይውለቅ። ሰውነቱ፣ ጠጉሩና የጥፍሩ ሥር ሳይቀር፣ በብዙ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። ዓይኑ ውስጥ ከገባ ሽፋሽፍቱን ገልጦ ንጹሕ ውሃ እያንቆረቆሩ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ ያሻል። የሚያጥበው ሰው በእጁ ላይ ጓንት፣ ከጠፋም ላስቲክ ያጥልቅ፤ አለዚያ ሁለተኛው በሽተኛ እሱ ይሆናል።

ወተት ማጠጣት ልማዳችን ነው። ለእንዲህ ያለው መርዝ ወተት ማርከሻ አይደለም፤ እንዲያውም አንዳንዱ መርዝ በቅባት ይሟሟል፣ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ የጠጣው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጣት ጉሮሮ ውስጥ ከትቶ ማስመለስም አይገባም። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኝቶ አፉን ማጽዳትና መተንፈሱን መከታተል ነው።

ወደ ሐኪም ሲኬድ ዕቃው፣ ማለትም ጽሑፉ የሚነበበው ጠርሙስ ወይም ካርቶን፣ አብሮ ይሂድ። ይህን አጥብቀን የምንለው ምክንያት ስላለን ነው። ማርከሻው እንደ መርዙ ዓይነት ይለያያል። አትሮፒን የሚባለው መርፌ ከላይ ለጠቀስናቸው ይሠራል፤ ለፀረ አረሙ ለቱ ፎር ዲ ግን አይሠራም። ሐኪሙ ምን እንደሆነ ካላወቀ በግምት ይሠራል። ከነጋዴ በውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ የተገዛ ከሆነ ማንም ምንም ሊያውቅ አይችልም፤ እንዲህ ያለውን ባይገዙ ይመረጣል።

ስለ ነቀዝ እንክብልም አንድ ቃል። በጎተራና በመጋዘን የሚቀመጠው የአልሙኒየም ፎስፋይድ እንክብል ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ነቀዙን ብቻ አይመርጥም። ታሽጎ በከረመ መጋዘን ውስጥ ሰው ወድቆ ቢገኝ ሩጦ መግባት ሁለት ሬሳ ማውጣት ሊሆን ይችላልና፣ በሩና መስኮቱ ሁሉ ወለል ተደርጎ ተከፍቶ፣ ነፋስ ገብቶ፣ ከውጭ በገመድ ወይም በረጅም እንጨት ለማውጣት ይሞከር። ለዚህ ጋዝ የተለየ ማርከሻ እስካሁን የለም። እህል የታሸገበት ክፍል ውስጥ ልጆች ማስተኛትም በዚሁ ምክንያት ክልክል ነው።

እባብና እብቅ

በሑመራና በመተማ በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ከደጋ የወረደው ሠራተኛ መሬት ላይ ይተኛል፤ እባቡም እዚያው ነው። የተነደፈውን ቦታ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ አይጠቅምም፤ የሚበዛው ይጎዳል። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይውለቅ፣ ያብጣልና። እጁ ወይም እግሩ እንደ ተሰበረ ተቆጥሮ በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ፤ ሰውየው በእግሩ ሳይሄድ በቃሬዛ ወይም በመኪና ይወሰድ። የእባብ መርዝ ማርከሻ መርፌ የሚሰጠው በሆስፒታል ወይም በተሟላ ጤና ጣቢያ ነው። እባቡን ገድሎ ለማምጣት መድከም ግን ሌላ ሰው ማስነደፍ ነው።

እብቅ ወይም የገብስ ጓሚያ ዓይን ውስጥ ሲገባ አይታሽ። በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ካልወጣ፣ ወይም ወጥቶም በማግሥቱ ዓይኑ ከቀላና ብርሃን ከጠላ፣ ወደ ሐኪም ነው። የተክል ስባሪ የጫረው ዓይን በሻጋታ ሊቆስልና ብሌኑ ሊነጭ ይችላል። ቅጠል ጨምቆ መጨመር ያን ያፋጥነዋል።

የዳነው እጅ ወረቀት ይፈልጋል

ወደ ወጣቱ እንመለስ። ቁስሉ ዳነ፤ እጁ ግን ማጭድም ሞፈርም አጥብቆ መያዝ አልቻለም። በሰባተኛው ወር አንድ የአገሩ ሰው መክሮት ወደ ወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሲሄድ የጠየቁት «ሥራ ላይ ስለ መጎዳትህ ምን ማስረጃ አለህ?» ብለው ነው። የሕክምና ካርዱ «የእጅ ቁስል» ይላል እንጂ የት፣ በምን፣ በማን ሥራ ላይ አይልም። የተጻፈ የሥራ ውል የለውም። አብረውት የነበሩት የቀን ሠራተኞች ወደየአገራቸው ተበትነዋል። የዳነው በሁለት ነገር ነው፦ የጤና ጣቢያው መዝገብ የገባበትን ቀንና ሰዓት ይዞ ነበር፤ የማሽኑ ሠራተኛም ተፈልጎ ቃሉን ሰጠ። በስተመጨረሻ ባለ ማሽኑ ተጠርቶ ክፍያ ተስማሙ። ጥቂት ወረቀት በጊዜው ቢያዝ ግን ያ ሁሉ ምልልስ ባላስፈለገ ነበር።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። «ራሱ ነው እጁን ያስገባው» ማለት አያድንም። የሚያድነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን የጎዳ እንደሆነ፣ አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ የጣሰ እንደሆነ፣ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ የተገኘ እንደሆነ ነው። አሁን የአረቄው ሌላ ጣጣ ምን እንደሆነ አንባቢ ይረዳዋል። ከጉዳቱ በኋላ በርኅራኄ የተሰጠው መለኪያ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ከጉዳቱ በፊት የተጠጣ ሊመስል ይችላል።

በሥራ ላይ ማለትም ማሽኑ ሥር ብቻ ማለት አይደለም። በሥራው ቦታ ከሥራ በፊት፣ በኋላ ወይም በዕረፍት መካከል በሥራው ምክንያት ተገኝቶ የተጎዳ፣ አሠሪው ባቀረበው መኪና ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የተጎዳ፣ በአሠሪው ትእዛዝ ከመደበኛ ሥራው ውጭ ሌላ ሲሠራ የተጎዳ ሁሉ ይገባበታል። በእርሻ መኪና ተጎታች ላይ እንደ ማዳበሪያ ከረጢት ተደራርቦ ለሚሄደው የቀን ሠራተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጽሑፍ ውል አለመኖሩም መብቱን አያሳጣውም።

አሠሪው የመጀመሪያ እርዳታ በጊዜው የመስጠት፣ ተጎጂውን ተስማሚ በሆነ መጓጓዣ ቅርብ ወደሆነው ሕክምና የማድረስ፣ አደጋውን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የማስታወቅ ግዴታ አለበት። የሕክምናው፣ የመድኃኒቱና ካስፈለገም የሰው ሠራሽ አካሉ ወጪ የእሱ ነው። ሠራተኛው መሥራት ባልቻለበት ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይከፈለዋል፦ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ በሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ለምሳሌ በወር 3,000 ብር የሚያገኝ ሰው ዓመቱን ሙሉ ካልሠራ ለመጀመሪያዎቹ ወራት 9,000፣ ለሚቀጥሉት 6,750፣ ለቀሩት 9,000፣ በድምሩ 24,750 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ሐኪም ልመርምርህ ሲለው እምቢ ካለ ወይም ሆን ብሎ መዳኑን ካዘገየ ግን ክፍያው ሊታገድ ይችላል።

ጉዳቱ ቋሚ ከሆነ መጠኑን በመቶኛ የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። በጡረታ ዐቅድ ያልታቀፈ ሠራተኛ ፈጽሞ መሥራት የማይችል ሆኖ ከቀረ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ይከፈለዋል፤ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ እንደ መቶኛው። በላይኛው ምሳሌ የዓመቱ ደመወዝ 36,000 ብር፣ አምስት እጥፉ 180,000 ብር ነው፤ ቦርዱ 30 በመቶ ቢለው 54,000 ብር ይሆናል። እንግዲህ ያ በማግሥቱ የተሰጠው ጥቂት መቶ ብር ከዚህ ጋር ይነጻጸር። በጡረታ የታቀፈው ሠራተኛ ጉዳይ የሚታየው በጡረታው ሕግ ነው።

ሽማግሌ ገብቶ ማስታረቁ መልካም ልማዳችን ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን ቦርዱ መቶኛውን ሳይወስን «ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ላይ አውራ ጣት ማሳረፍ የእጁን ዋጋ ሳያውቁ እጅን መሸጥ ነው። ያላነበቡትን ወይም ያልተነበበላቸውን ወረቀት ማንም ቢያቀርበው መፈረም አይገባም።

ስለሆነም የተጎዳ ሠራተኛ፣ ራሱ ካልቻለ ዘመዱ ወይም ጓደኛው፣ በዚያው ቀን ለአሠሪው ወይም ለካቦው ይንገር፤ ቢቻል በጽሑፍ፣ ሁለት ሰው ባለበት። ያዩት ሰዎች ስም፣ አገራቸውና ስልካቸው ይያዝ፤ የቀን ሠራተኛ ዛሬ ካልተያዘ ነገ አይገኝም። ለሐኪሙ «በእገሌ እርሻ፣ በዚህ ሥራ ላይ፣ በዚህ ሰዓት ተጎዳሁ» ተብሎ ይነገረውና ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ይለመን። የመድኃኒትና የትራንስፖርት ደረሰኝ ሁሉ በላስቲክ ይቀመጥ፤ አይጥ ይወደዋልና ጣሪያ ላይ አይሰካ።

አሠሪው ፈቃደኛ ካልሆነ ጉዳዩ የሚቀርበው ለወረዳው ወይም ለከተማው የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። ቀድሞ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ይባል የነበረው ከ2014 ዓ.ም ወዲህ በብዙ ቦታ ሥራና ክህሎት በሚል ስም ይገኛል። እዚያም ካልተፈታ የመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ። ጊዜ ግን አይጠብቅም፤ በአጠቃላይ የሥራ ክርክር በአንድ ዓመት፣ የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል። ወጣቱ በሰባተኛው ወር መምጣቱ ጠቀመው፤ በአሥራ አራተኛው ቢመጣ ኖሮ ላይሰማ ይችል ነበር።

አሠሪ የሌለው ገበሬ

ከአንባቢዎቻችን የሚበዛው ራሱን በራሱ የሚያሠራ ገበሬ ነው። የራሱ በሬ ቢወጋው የሚከሰው የለም፤ ካሣም የለም። ያለው ጎረቤት ነው። ወንፈልና ደቦ ከአጨዳ በላይ ለምን እንደሚያገለግሉ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። በአንድ ቀበሌ ያየነው ደስ ይላል፤ አንድ ሰው እግሩ ተሰብሮ ሲተኛ ደቦ ተጠርቶ ጤፉ በሁለት ቀን ታጨደለት፣ ተወቃለት። እድሩም ለቀብር ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለታማሚ መጓጓዣ እንዲያበድር ደንቡን ማሻሻል የአባላቱ ፈንታ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ ቤተሰብ መታወቂያውን ማሳደስ አይርሳ፤ የሚያስታውሱት ሰው ከተጎዳ በኋላ ሲሆን አይረዳም። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ማለፍ ያስፈልጋል፤ በቀጥታ የሄደ ሰው ከኪሱ ሊከፍል ይችላል።

ሌላም እናስታውስ። ገበሬው ራሱ ለአጨዳ የቀን ሠራተኛ በደመወዝ በሚቀጥርበት ሳምንት አሠሪ ሆኗል። ከላይ የተባለው ያን ጊዜ እሱንም ይመለከተዋል።

አውድማ ላይና መርጫው በሚቀመጥበት ቤት አንድ ካርቶን ብትገኝ እንመክራለን። ውስጧ የታጠበ ነጭ ጨርቅ፣ አንድ ሰፊ ማሰሪያ፣ ሁለት ሳሙና፣ መቀስ፣ ጓንት ወይም ወፍራም ላስቲክ፣ እስክሪብቶና ወረቀት ይኑሩ፤ አጠገቧም በንጹሕ ውሃ የተሞላ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ለመጠጥ የማይነካ። በክዳኗ ላይ የወረዳው አምቡላንስ ሾፌርና የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ በጉልህ ይጻፍ፤ ቁጥሮቹ በየጊዜው ስለሚለወጡ አጨዳ ሳይጀመር አንድ ጊዜ ደውሎ ማረጋገጥ ይበጃል።